ወይ ከሁለቱም ቤት፣ ወይ ከማንም

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ደብረ ማርቆስ ላይ ለሁለት ቀን ሥልጠና ተጠራን። ደብዳቤው ላይ ርዕሱ «በሥራ ላይ ወሰን ማበጀት» ይላል። እኛ መሬት ለኪዎች ነን። ስለ ወሰን ማንም የሚያስተምረን ነገር ያለ አይመስለንም። ስለዚህ ከየወረዳው የተሰበሰብን አሥራ ሁለት ሰዎች ሜትራችንን አንግተን፣ ችካላችንን ይዘን፣ ቦት ጫማችንን ተጫምተን አዳራሹ ውስጥ ገባን። አንዱ ባልደረባችንማ ለናሙና ብሎ የወሰን ድንጋይ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ መጥቷል።

አሠልጣኟ ልጅ እግር ናት። አየት አደረገችንና፣ «ይቅርታ፣ የግንባታ ሠራተኞች ከሆናችሁ በዚያኛው በር ነው» አለች።

«ኧረ እኛ የወሰኑ ነን» አላት ድንጋይ የያዘው፣ ከረጢቱን ጠረጴዛዋ ሥር ዘፍ እያደረገ።

የመጣችበት ጉዳይ ሌላ ኖሯል። የሰው ወሰን ነው። አለቃ ሲጫን፣ ባለጉዳይ ሲለማመጥ፣ ሥራ ከአቅም በላይ ሲሆን እምቢ ስለ ማለት፤ በገዛ እውቀት ስለ መተማመን። ይህን ስታስረዳን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ እሷም አብራን ሳቀች። ሳቁ በረድ ሲል ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። «እምቢ ማለት ሲገባችሁ እሺ ያላችሁበት ቀን አለ?» ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነኝና። በአዳራሹ ውስጥ ግማሹን ነው የተናገርኩት። ሙሉው እነሆ።

ሥራ የጀመርኩት ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ፣ በወረዳው ቢሮ በጸሐፊነት ነው። የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህ እንደ ስጦታ የሚቆጠር ነገር በሥራ ዘመኔ ሁሉ መከራዬ ሆኖ ኖሯል፤ ማንም መገልበጥ የሰለቸውን መዝገብ «የሺ፣ ያንች ጽሑፍ ነው የሚያምረው» እያለ ጠረጴዛዬ ላይ ይከምርልኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ። የገበሬው መሬት ተለክቶ የይዞታ ደብተር ይሰጠው ሲባል ለኪ ጠፋ። የአሥራ አምስት ቀን ትምህርት ሰጡንና ሜትር አስይዘው አሰማሩን። ደመወዙ ያው ነው፤ እግሩ ብቻ ጨመረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሰው ካፖርት ለብሼ የምዞር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቱ መጥቶ አውልቂ የሚለኝ ይመስለኛል። ማሳ ላይ ስደርስ ገበሬዎቹ ከኋላዬ አሻግረው እያዩ፣ «ለኪው የታለ?» ይሉኛል። «እኔ ነኝ» ስል ድምፄ ይሰልላል። ያነበብኩትን ቁጥር ራሴው አላምነውም፤ አንድ ሰው ጎላ አድርጎ ከተናገረ የሱ ቁጥር ከእኔ ይበልጥብኛል።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ እንየው ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ ሰው ነበር። ስሙና ቃሉ አንድ ነው። ማሳ ላይ አንዱ «ወሰኑ እዚህ ነው!» ብሎ ሲምል «እንየው» ይላል። ሌላው «ሐሰት ነው!» ብሎ ዱላውን ሲነቀንቅ «እንየው» ይላል። አለቃ «ይህ ጉዳይ ያለቀ ነው» ሲለውም «እንየው» ይላል። ሰው ይስቅበታል፤ እሱ ግን ሳያይ ያመነበት፣ አይቶም የካደበት ቀን የለም።

አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ይለካል፤ በሄደበት ይመለሳል። ሁለቱ ካልገጠሙ ሦስተኛ ይለካል እንጂ መሀሉን አይወስድም። ሜትሩን ከሁለት ወገን ለባለጉዳዮቹ ያስይዛቸዋል፤ በኋላ «አልነበርኩም» የሚል እንዳይኖር። ማሳ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ በቀለም የሚጽፈው ቢሮ ገብቶ፣ ነገሩ ከበረደለት በኋላ ነው።

ተዳፋት ላይ ሲለካ ደግሞ ሜትሩን መሬት ላይ አያጋድመውም። መሬት ላይ ከተጋደመ አቀበቱ ይበላዋል፤ ስልሳ ያልነው ስልሳ አይሞላም። ስለዚህ አምስት አምስት ሜትር እየቆረጠ፣ የታችኛውን ጫፍ ከፍ አድርጎ አግድም ይወጥርና ከጫፉ ቱንቢ ይጥላል፤ በክር የተንጠለጠለችው ብረት ካረፈችበት ነጥብ ጋር እያስተካከለ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እየተራመደ ይሄዳል። በጮቄ ተረተር ላይ ይህን ሳያውቅ የለካ ሰው ያልለካ ነው። መዝገቦቻችን ሁሉ የተጻፉት መሬቱ እንዲህ ተለክቶ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ምግቡ ነበር። ጋሽ እንየው ወሰን ሊለካ በሄደበት የወሰን ድንጋይ ሳይተከል ውኃ እንኳ አይቀምስም። ኪሱ ውስጥ የገብስ ቆሎ አለች፤ ሲርበው በሁለቱ ማሳ መሀል ቁጭ ብሎ ይቆረጥማል። ድንጋዩ ከተተከለ በኋላም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው፤ «ወይ ከሁለቱም ቤት፣ ወይ ከማንም» ይላል። እኔ ትዕቢት ይመስለኝ ነበር። በእኛ አገር የሰው እህል አልቀምስም ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከዓመታት በኋላ እሱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርን። ወረዳዋንም ቀበሌዋንም አልጠራም፤ ባለጉዳዮቹ በሕይወት አሉ። ብቻዬን የወጣሁበት የመጀመሪያው ከባድ ጉዳይ እዚያ ገጠመኝ። ሁለት ማሳዎች ከላይና ከታች ይዋሰናሉ። የላይኛው የአያ ስማቸው ነው፤ አንደበተ ርቱዕ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ቀበሌው ሁሉ የሚሰማው ሰው። የታችኛው ባሏ የሞተባት የእትዬ ሰርክአዲስ ነው። ክረምት የወረደ ጎርፍ በመሀላቸው የነበረውን ወሰን ጠራርጎታል። የተጣሉበት መሬት ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግን በዚያች ሦስት እርምጃ ውስጥ በጋ ከክረምት የማትደርቅ ትንሽ ምንጭ አለች። እትዬ ሰርክአዲስ ድንቿንና ጎመኗን የምታጠጣው ከሷ ነው። ያለዚያች ውኃ የቀረው መሬቷ በበጋ ባዶ ነው።

ሴትዮዋ ገና ከሩቅ ስታየኝ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ተመስገን! ሴት መጣችልኝ!» አለች። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ቀኑ ሃያ አንድ ነበር። አያ ስማቸው ቤት የማርያም ዝክር አለ። መንገዴ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ግቢ ልጄ፣ ቅመሽ።»

«ሥራ አለብኝ አያ ስማቸው፣ ከሥራ በኋላ...»

«የኔን አይደለም እኮ የምትበይው፤ የሷን ነው! በማርያም እምቢ ይባላል?»

ኪሴ ውስጥ ቆሎ ነበረኝ። ግን በማርያም ስም ተጠርቶ እምቢ የሚል አንደበት አልነበረኝም። ገባሁ፣ በላሁ፣ ጠላውንም ቀመስኩ፣ ተመረቅሁ። ስወጣ እትዬ ሰርክአዲስ ማሳዋ ዳር ቆማ ታየኛለች።

መዝገቡ የታችኛው ማሳ ከወንዙ ቋጥኝ እስከ ላይኛው ወሰን ስልሳ ሜትር መሆኑን ይናገራል። ከቋጥኙ ተነሥቼ እንደተማርኩት አግድም እየወጠርኩ፣ ቱንቢ እየጣልኩ ወጣሁ። ስልሳው ከምንጯ በላይ አለቀ። ችካል ልመታ ጎንበስ ስል አያ ስማቸው ሳቅ አለ።

«ልጄ፣ ምነው ሜትሩን ሰማይ ላይ አንጠለጠልሽው? አየር ላይ ማን ያርሳል? መሬት ላይ አጋድሚው እንጅ!»

የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ያወቅሁት ሁሉ ከራሴ ላይ በረረ። የአሥራ አምስት ቀን ተማሪ፣ የመዝገብ ገልባጭ መሆኔ ትዝ አለኝ። ምናልባት ልክ እሱ ነው አልኩ። የበላሁት እህል ደግሞ አፌን ይዞታል። ሜትሩን መሬት ላይ አጋደምኩት። ስልሳው ሦስት እርምጃ ዝቅ ብሎ ከምንጯ በታች አለቀ። ተመልሼ አልለካሁም፤ ቶሎ ከዚያ መሄድ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ድንጋዩን እዚያው አስተከልኩ።

እትዬ ሰርክአዲስ አልጮኸችም። ድንጋዩን አየች፣ እኔን አየች። «ሴት መጣችልኝ ብየ ነበር» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች። እኔን አልረገመችም፤ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ጋሽ እንየው ቤት ሄድኩ። ማስታወሻዬን ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው።

«ሄደሽ ስልሳ። የመልሱ ቁጥር የታል?»

«አልለካሁትም።»

«የሺዬ፣ ምሳ የት በላሽ?»

ያኔ አለቀስኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ተቆጥቶ ያባርረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አለማወቅ ቢሆን ቀላል ነበር» አለኝ። «መጀመሪያ በትክክል ለክተሽ ነበር እኮ። ታውቂ ነበር። ያወቅሽውን ነው ለሰው የለቀቅሽው። በይ፣ እዚያው የለቀቅሽበት ሄደሽ አንሽው።»

«እንዴት አድርጌ? አለቃዬ ምን ይለኛል?»

«እንየው» አለና ባርኔጣውን አስተካከለ።

ሰኞ ጠዋት «በስሕተት ለክቻለሁ፤ እንደገና ይለካ» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፌ አለቃዬ ፊት አኖርኩ። ያ የሚያምር ጽሑፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ጉዳይ አገለገለኝ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁከት የማይወድ ሰው ነበር። አንብቦ ገፋ አደረገው።

«ቢሮው አንዴ የለካውን ደግሞ ከለካ ማን ያምነናል? ደግሞ አንች ነሽ የምትጎጅው። ለኪ አይደለችም ነው የሚሉሽ።»

የምፈራት ቃል ይህች ነበረች። ዓመታት ሙሉ የፈራኋት ቃል ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ሳያት ግን ያሰብኳትን ያህል አልከበደችኝም።

«ለኪ ስለሆንኩ ነው ስሕተቴን ያየሁት» አልኩት።

«በይ ስለ ማርያም ይህን ነገር ተይው» አለ፤ ሌላ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ «ልኬቱ የጸና ነው» ይላል። «እዚህ ላይ ፈርሚልኝና ይለቅ።»

«ስለ ማርያም ብዬ ነው የማልፈርመው» አልኩት። ድምፄ አልሰለለም። ራሴንም ገረመኝ።

በነጋታው ሜትሬን ለዕቃ ግምጃ ቤት አስረክቤ መዝገብ ቤት እንድገባ ታዘዝኩ። ከዚያ ቀን እስከ ጥር አቧራ ውስጥ ተቀመጥኩ። እዚያም «ጽሑፍሽ ያምራል» እያሉ መዝገብ ሊከምሩብኝ ሲመጡ፣ «የኔን ድርሻ ጨርሻለሁ፤ ያ ያንተ ነው» ማለት ጀመርኩ። ሰማይ ግን አልተደፋም፤ መዝገቡን ያመጣው ልጅ ይዞት ተመለሰ።

የደብዳቤዬን ግልባጭ ለበላይ ልኬ ነበር። በጥር እንደገና ይለካ የሚል ትእዛዝ መጣ፤ ከሌላ ወረዳ አንድ ለኪ ሊታዘብ፣ ልለካ ደግሞ እኔው። ሜትሬን ተረክቤ ወጣሁ።

እትዬ ሰርክአዲስ በር ላይ መሶብ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። «ግቢ» አለች፣ ፊቷ ሳይፈታ። በዓለም ላይ ይቅርታዋን የምፈልገው የዚህችን ሴት ነው፤ እህሏን መግፋት ደግሞ እሷን መግፋት ነው።

«እትዬ፣ ድንጋዩ ሳይተከል አልበላም።»

«ከሱ ቤት በልተሽ፣ ከእኔ ትጠየፊያለሽ?»

«ከዚያ ቤት በመብላቴ ነው ምንጩን ያጡት። ከእርስዎ ቤት በልቼ ብመልስልዎት ደግሞ በእህልዎ ገዛችው ይባላል። የኔ ሕግ ወይ ከሁለቱም ቤት ነው፣ ወይ ከማንም።»

ትክ ብላ አየችኝ። መሶቡን ከደነችና ተከትላኝ ወረደች።

ከቋጥኙ ጀመርኩ። የሜትሩን አንድ ጫፍ እሷ፣ አንዱን አያ ስማቸው ያዙ። አግድም ወጠርኩ፤ ቱንቢ ጣልኩ። እንደጠበቅሁት አያ ስማቸው ያችኑ ሳቁን ሳቀ።

«ዛሬም አየር ላይ ልታርሽ?»

«አያ ስማቸው» አልኩት፣ ቱንቢው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠብቄ፣ «የእርስዎም ማሳ አየር ላይ ተለክቶ ነው ደብተር የያዙት። መሬት ላይ ይጋደም ካሉ የእርስዎንም ከላይ ጀምሬ አጋድሜ እለካዋለሁ። ያኔ እርስዎም ያጥርብዎታል፣ እሷም ያጥርባታል፤ መሀል ላይ የማንም ያልሆነ መሬት ይቀራል። እሱን ማን ይረሰው?»

ለምስክርነት የቆሙት ሽማግሌዎች ሳቁ። ሳቁ ዛሬ ወደ ሌላ በኩል ነበር። ሄድኩ፣ ስልሳ። ተመለስኩ፣ ስልሳ። ታዛቢው አየ። ድንጋዩ ከምንጯ በላይ ተተከለ። እትዬ ሰርክአዲስ ጎንበስ አለችና ከምንጯ በእፍኟ ጠጣች። አያ ስማቸው ዱላውን አንሥቶ ወደ ላይ ሄደ፤ ዞሮም አላየን።

«እሽ፣ ድንጋዩ ተተከለ። አሁንስ?» አለችኝ መሶቡን እየከፈተች።

ሽቅብ የሚሄደውን ሰውዬ አየሁት። ከሁለቱም ቤት እንደማይሆን ገባኝ። «አሁንም አልችልም እትዬ» አልኳት። በጣም ርቦኝ ነበር።

«እሽ» አለች። «አልተውሽም ግን። ያችን ሜትር የጣልሽ ለታ ትበያለሽ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ለካሁ። አለቆች ተቀያየሩ፤ ጂፒኤስ መጣ፤ ወጣቶቹ ለኪዎች መሣሪያውን አንዴ ነክተው ሊሄዱ ሲሉ እኔ ደግመው እንዲለኩ አስመልሳቸዋለሁ። ዝናዬ ወጣ፤ «ያች ቆሎ ቆርጣሚ» ይሉኝ ጀመር። ወደ ደብረ ማርቆስ ከተዛወርኩ በኋላ ባለጉዳይ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቅቤ ይዞ ቤቴ ይመጣል። በር ላይ ቆሜ፣ «ፋይሉ ቢሮ ነው ያለው፤ እኔ ደግሞ ቤቴ ነኝ። ሰኞ እንገናኝ» እላለሁ። በማርያም የሚለኝንም ጆሮ ዳባ ልበስ አልልም፤ በማርያም ስም በትሕትና እምቢ እለዋለሁ። ቅር የተሰኘብኝ አለ። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ የለካሁትን መሬት ቁጥር ሳስታውስ እንቅልፌ አይሸሽም። ያ ካፖርትም በልኬ የተሰፋ፣ የራሴው እንደሆነ ገባኝ።

ጡረታ በወጣሁ በወሩ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ሰርክአዲስ ናት። «ሜትሯን ጣልሽ አሉ» አለችና ቀን ቆረጠችልኝ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቄ በሚኒባስ፣ ከዚያም በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ምንጯ ትፈሳለች፤ ድንጋዩ ነጭ የድንጋይ ሽበት አብቅሎ እንደ ሽማግሌ ቆሟል።

እትዬ ሰርክአዲስ አርጅታለች። ሳትስመኝ በፊት ቦርሳዬን ያዘች። «ሜትር ይዘሻል?»

«አልያዝኩም።»

«እስቲ እንየው» አለችና ቦርሳዬን ፈተሸችው። ጋሽ እንየው ካረፈ ቆይቷል። ያችን ቃል ከሷ አፍ ስሰማ አላስቻለኝም፤ እሷን አቅፌ አለቀስኩ።

መሶቡ ቀርቧል። ልቀመጥ ስል በሩ ላይ የዱላ ድምፅ ሰማሁ። አያ ስማቸው ነው፤ ጎብጧል፤ ክንዱ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዟል። ወደ እሷ ዞር አልኩ።

«ወይ ከሁለቱም ቤት፣ ወይ ከማንም ያልሽው አንች አይደለሽም?» አለችኝ። «ላኩበት፤ መጣ።»

አያ ስማቸው ዳቦውን መሶቡ አጠገብ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ይሄ የማርያም አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «የራሴ ነው። እምቢ ካላልሽኝ።»

እምቢ አላልኩም።